የማን ልጅ ነሽ?

ሣህሊቱ ሀብተ ጊዮርጊስ ቢሮዬ ስትመጣ መጀመሪያ ጫማዋን በሩ ላይ ካለው ምንጣፍ ላይ ሁለት ጊዜ ትጠርጋለች። ዝናብ ኖረም አልኖረም ትጠርጋለች። ሲያትል ውስጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይኖራል። ከዚያ መነጽሬን አፍንጫዬ ላይ ሰክቼ ፎርም ስሞላ እያየችኝ፣ "ጋሼ፣ ሥራ ላይ ነዎት እንዴ?" ትላለች። "አይ፣ ዓሣ እያጠመድኩ ነው" እላታለሁ። ትስቃለች። በዚህ አንድ ቀልድ ስድስት ዓመት ሙሉ ስቃልኛለች። አሁን አትስቅም፤ ለምን እንደማትስቅ ልንገራችሁ።

ቢሮ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሬኒየር ቫሊ ውስጥ፣ ከማውንት ቤከር ባቡር ጣቢያ አምስት ደቂቃ በእግር፣ በአንድ ግሮሰሪና በአንድ ፀጉር ቤት መካከል የተሸጎጠች አንዲት ክፍል ናት። የዜግነት፣ የቤት ኪራይ ድጋፍ፣ የነርስ ረዳት ሰርተፊኬት እድሳት፣ ማንኛውንም ፎርም እሞላለሁ። ስሜ ዘመድኩን ነው። ሀገር ቤት ሃያ ሁለት ዓመት አማርኛ ስላስተማርኩ "መምህር" የሚሉኝም አሉ፤ ሲሉኝ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። አንድ ክፉ አመል አለኝ። ሰው ንግግሩን ሳይጨርስ መልሱን እሰጠዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜም ልክ እሆናለሁ፤ ያበላሸኝ እሱ ነው።

ሣህሊቱ የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። በዲቪ መጥታ መጀመሪያ ሆቴል ውስጥ አልጋ ስታነጥፍ ኖረች። ወገቧ እምቢ ሲላት የነርስ ረዳትነት ተማረች። ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወደቀች፤ የወደቀችው ደግሞ፣ አስቡት፣ እጅ በመታጠብ ነው። ሃያ ሰከንድ መታሸት አለበት። እሷ ሰከንድ መቁጠሩን ትታ በልቧ አባታችን ሆይን ትደግማለች፤ ፈታኟ ቆማ ስታያት ደግሞ ትደነግጥና ጸሎቱን ታጣድፈዋለች። በሦስተኛው ረጋ ብላ ደገመችና አለፈች። አላገባችም፣ አልወለደችም። ይህን አንስቶ የሚያዝንላት ሰው ሲመጣባት፣ "እኔ እኮ አሥራ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ትንሹ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው" ትለዋለች።

ልጆቼ የምትላቸው ዋይት ሴንተር አጠገብ በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ የምትንከባከባቸውን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነው። ከመካከላቸው አማርኛ የሚናገሩት አንድ ብቻ ነበሩ፤ ጋሽ ዓብዱልጀሊል፣ የሐይቅ ሰው። እዚህ መሀል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል፤ የስንቱን መኪና ቁልፍ ተቀብለው መልሰዋል። ኋላ የመርሳት በሽታ ያዛቸው። መጀመሪያ እንግሊዝኛቸው ሄደ፤ ቀጥሎ የሰው ስም ሄደ። አማርኛቸውና ሶላታቸው ቀሩ። ጆሯቸውም ከብዷል። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ብቸኛ ልጃቸው ፈሪዳ ዴንቨር ነው የምትኖረው፣ በየሦስት ወሩ ትመጣ ነበር።

መጦሪያው በገቡ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሰው ተሳስቶ የአሳማ ሥጋ ያለበት ቁርስ አቀረበላቸው። ጎርሰው ካላመጡ በኋላ ነው የገባቸው። ከዚያ በኋላ መዝገባቸው ላይ በትልቁ ተጻፈ፤ ወጥ ቤቱም ተጠነቀቀ። ለእሳቸው ግን ነገሩ አበቃ። ሌላውን ሁሉ ሲረሱ ያቺን ጉርሻ አልረሷትም። ማን ማንኪያ ቢያቀርብላቸው አፋቸውን ግጥም አድርገው ወደ መስኮቱ ይዞራሉ። ሣህሊቱ በእሳቸው ላይ ስትመደብ አጥንታቸው ወጥቶ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን እንዲህ ብላ ነው የነገረችኝ፤

"አባባ፣ ቢስሚላህ በሉ፣ ሐላል ነው" ስትላቸው ዞረው አዩዋት።

"የማን ልጅ ነሽ?"

"የሀብተ ጊዮርጊስ።"

"የቱ ሀብተ ጊዮርጊስ?"

"ኮምቦልቻ፣ ልብስ ሰፊው።"

"የክርስቲያን ልጅ ነሽ ለካ! አንቺ ስለ ሐላል ምን ታውቂና?"

"ጎረቤቶቻችን እስላሞች ናቸው፣ አባባ። አባቴ ሲደግስ ለእነሱ የሚሆነውን ለብቻ በእስላም ያሳርድ ነበር። እኔ ነኝ ሳህኑን የማደርሰው።"

አሰቡበት። "እስቲ በአባትሽ ማይልኝ።"

"አባቴ ሀብተ ጊዮርጊስ ይሙት፣ ሐላል ነው!"

አፋቸውን ከፈቱ።

የመርሳት በሽታ ነውና በሚቀጥለው ምግብ ሰዓት ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀመራል። የማን ልጅ ነሽ፣ የቱ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ አንቺ ምን ታውቂና፣ እስቲ ማይልኝ። ሁለት ዓመት ተኩል እንዲህ ቆዩ። ሣህሊቱ ስንት ሺህ ጊዜ እንደማለች እግዜር ይወቀው። አባቷ በሕይወት ያሉ ሰው ስለሆኑ ነገሩ ይከነክናት ነበርና አንድ እሑድ ደውላ ኑዛዜዋን ተናገረች፤ "አባዬ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ይሙት እያልኩብዎ ነው።" ሰውየው ከት ብለው ሳቁና፣ "ሰው ካበላ ይሙት በይኝ፣ ምን ቸገረኝ!" አሏት። በዕረፍት ቀኗ ሽማግሌው ትንሽ ሾርባ ፉት ብለው ይተዉታል። ስለዚህ ዕረፍቷን ወደ አንድ ቀን ዝቅ አደረገችው።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። አንድ ሰው የሚበሉት በአንዲት ሴት መሐላ ነበር። ሴትዮዋ አጠገባቸው እንድትቆም የሚፈቅድላት ደግሞ አንድ ሰርተፊኬት ነበር። የሰርተፊኬቱን ማመልከቻ የሞላሁት እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፤ የመዝገቡን ነገር ካላስረዳሁ ጥፋቴ አይገባችሁም። በዚህ ስቴት አንድ የነርስ ረዳት ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። ገና ጀማሪ ሳለ "ተመዝጋቢ" ይባላል። ትምህርቱንና ፈተናውን ሲያልፍ እንደገና አመልክቶ "ባለ ሰርተፊኬት" ይሆናል፤ ያኔ የጀማሪነቱ ምዝገባ ጊዜው ያልፍበትና እዚያው መዝገብ ውስጥ እንደ ሞተ ይቀመጣል። ሰርተፊኬቱ በየዓመቱ ልደትን ጠብቆ ይታደሳል። ቀጣሪ ሁሉ በማንኛውም ሰዓት ኢንተርኔት ላይ ስም ጽፎ ሠራተኛው ያደሰ መሆኑን ማየት ይችላል። የሣህሊቱን የጀማሪነት ማመልከቻ የሞሉላት የተማረችበት ቦታ ሰዎች ናቸው፤ ከፓስፖርቷ እንዳለ ገልብጠው የአባቷን ስም "ሀብተጊዮርጊስ" ብለው አንድ ላይ ገጥመው ጻፉት። ለሰርተፊኬቱ ወደ እኔ ስትመጣ ያን አየሁና ደሜ ፈላ።

"ይኼ ምንድን ነው? ሀብተ ጊዮርጊስ እኮ ሁለት ቃል ነው! ሀብተ ብሎ ጊዮርጊስ! የጊዮርጊስ ስጦታ ማለት ነው፤ ዘርፍና ባለቤት ነው፤ እንዴት እንደ ቋሊማ አንድ ላይ ይታሰራል?"

"ጋሼ፣ ፓስፖርቴም መታወቂያዬም ላይ እኮ አንድ ላይ ነው።"

"ፓስፖርትሽን የጻፈውን ሰው እኔ አላስተማርኩትም" አልኳትና መሀሉ ላይ ክፍተት ጨመርኩበት። አንዲት ጣት፣ አንዲት ምት። ኩራቴን ብታዩት ቅኔ የዘረፍኩ ነበር የሚመስለው።

ሰርተፊኬቱ ከሳምንታት በኋላ በፖስታ መጣላት። ይዛው ሮጣ መጣች። "ሀብተ" የተባለው ወደ መሀል ስም ተገፍቶ፣ የአባት ስም ተብሎ የቀረው "ጊዮርጊስ" ብቻ ነበር።

"ጋሼ፣ የአባቴ ስም ተቆረጠ።"

"አልተቆረጠም፣ ተስተካከለ" አልኳት።

ምን ትበል? መምህር ናቸው ብላ ወረቀቷን ይዛ ሄደች። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ይባላል። እኔ ጎረቤቱ ቀደምኩና ስም አወጣሁ።

ስድስት ዓመት ምንም አልሆነም። በየዓመቱ ጥር ላይ፣ ልደቷ ሳይደርስ፣ የእድሳቱ ደብዳቤ በፖስታ ይመጣላታል፤ ይዛልኝ ትመጣለች፤ ሞልቼ እልከዋለሁ። መጦሪያው ውስጥ የነበረችው የቀድሞዋ የሠራተኞች ጉዳይ ኃላፊ በሰርተፊኬቷ ቁጥር ስለምታውቃት ስም የፈለገ አልነበረም። ባለፈው ኅዳር ግን መጦሪያው ለሌላ ባለቤት ተሸጠና አዲስ ኃላፊ መጣ። እሱም እንደ አዲስ መጥረጊያ የሁሉንም ስም አንድ በአንድ ከስቴቱ መዝገብ ጋር ማመሳከር ጀመረ። ሣህሊቱን መታወቂያዋ ላይ ባለው ስም ፈለጋት፤ አንድ ላይ በተገጠመው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በዩኒፎርሟ መጣች። ጫማዋን ሳትጠርግ ነው የገባችው፤ ያኔውኑ ልጠረጥር ይገባኝ ነበር። ኃላፊው ከመዝገቡ ያተመላትን ገጽ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ስሟ አለ፤ ጎኑ ላይ በቀይ ጊዜው አልፎበታል ይላል።

"ኤክስፓየርድ ነሽ አለኝ፣ ጋሼ። እኔ ወተት ነኝ እንዴ ኤክስፓየርድ የምሆነው? እስኪስተካከል ድረስ ሺፍት የለሽም፣ ወደ ውስጥም እንዳትገቢ አለኝ። የራት ሰዓት ደርሷል እኮ። አባባን ማን ያበላቸዋል?"

"ቆይ፣ ተረጋጊ።"

"ጋሼ፣ ያኔ ስሙን ሲጽፉልኝ..."

"ቆይ ስልሽ! የስም ጉዳይ አይደለም፤ የቀን ጉዳይ ነው።"

"ቤት ያለው ሰርተፊኬቴ ላይ ግን..."

"ሰርተፊኬቱን ተይው! ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት አይሠራም፤ ዋናው መዝገቡ ነው።"

ልክ ነበርኩ፤ ዋናው መዝገቡ ነው። እሷም አፏን ያዘች። ኮምፒውተሩን ከፈትኩና ገጹ ላይ እንዳለው ስሟን አንድ ላይ ገጥሜ ጻፍኩት። ያው ቀይ ቃል መጣ። ደብተሬን ገለጥኩ፤ ጥር ላይ "ተልኳል" ይላል፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ። ልኬው ፖስታው ጠፍቶ ይሆን? ወይስ ሳልልክ ነው የጻፍኩት? ያን ሰሞን የስንት ሰው ፎርም ተደራርቦብኝ እንደነበር ትዝ አለኝ። ይህን ግን አልነገርኳትም። "ሰዎቹ ደንቆሮዎች ናቸው፤ በሦስት ቀን አስተካክልልሻለሁ" ብዬ ሸኘኋት። ወዲያው እንደወጣች ገጹ ላይ ላለው ቁጥር የዘገየ እድሳት ማመልከቻ ሞልቼ ላክሁ። ጥፋቴን በጓሮ በር ላስተካክል ነበር ሐሳቤ።

ሐሙስ ደወለች። መጦሪያው በጉንፋን ወረርሽኝ ምክንያት ለጠያቂ ተዘግቷል፤ እንደ ጠያቂ እንኳ እንዳትገባ ሆነች። አንዲት ፊሊፒናዊት የሥራ ባልደረባዋ ግን በስልክ ታወራት ነበር። ሣህሊቱ "ሐላል ነው" የሚለውን አስጠናቻት። ሴትዮዋ ደግ ሰው ናት፤ ቃሉን ይዛ ሄዳ በትክክል አለችላቸው። ሽማግሌው ፈገግ አሉ፤ አንድ ነገር ጠየቋት፤ መልስ ሲያጡ ፊታቸውን አዞሩ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርጊልኝ ብላም ሞክራለች። አይሰሙም። አእምሯቸው ደህና ሳለ በቱቦ እንዳይመግቧቸው ፈርመው ነበርና የቀረው ማንኪያው ብቻ ነበር።

"ሶ፣ ጋሼ፣ መልስ መጣ?"

"ነገ ይመጣል" አልኳት።

ቅዳሜ ዕለት ወደዚያው ሄደች። የጋሽ ዓብዱልጀሊል ክፍል ምድር ቤት ነው፤ መስኮቱ በሣሩ በኩል ነው። በዝናብ ሣሩ ላይ ቆማ መስታወቱን አንኳኳች። ባልደረባዋ በውስጥ በኩል ማንኪያ ይዛ አጠገባቸው ተቀምጣለች። ሣህሊቱ በምልክት፣ ቀኝ እጇን ወደ ሰማይ አንስታ ማለችላቸው። አፏን እየከፈተች ብሉ አለቻቸው። አይተው አወቋት፤ ፊታቸው በራ። ከዚያ በእጃቸው ግቢ አሏት፤ ግቢ፣ ግቢ። ባልደረባዋ ማንኪያውን ስታቀርብ ቆይ በሚል ዓይነት እጇን ገፉና ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ሃያ ደቂቃ በሩን ሲጠብቁ ሣህሊቱ በመስኮት ቆማ ማጅራታቸውን አየች። "መሄዴ ነው የባሰው፣ ጋሼ። እኔን ሲጠብቁ ያንኑ ሾርባ ተዉት" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ መስኮቱ ጋ አልሄደችም። ፈሪዳ ተነግሯት ለሐሙስ ትኬት ቆርጣለች።

ሰኞ ደወልኩላት፣ ማመልከቻው ገና እየታየ ነው ብዬ። ማክሰኞ እሷ ደወለች፤ አላነሳሁም። አፍሬ ነው ያላነሳሁት።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ቢሮ ገብታ ቆመች። ሌላ ደንበኛ ነበረኝ፤ እስኪወጣ ጠበቀችና ቁጭ አለች። ቀሚሷ ላይ እጆቿን አጣጥፋ፣ "ጋሼ፣ ዛሬ እኔ ልናገር፣ እርስዎ ያዳምጡኝ" አለች። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ብዕሬን አስቀመጥኩ።

"ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ልነግርዎ የነበረው ይኼ ነው። ቤት ያለው ሰርተፊኬት ላይ ስሜ ሌላ ነው። የአባቴ ስም ጊዮርጊስ ብቻ ነው የሚለው። እርስዎ ተስተካከለ ያሉኝ ጊዜ። ምናልባት በዚያኛው ስም ቢፈልጉት?"

ይኼው ነው። ሌላ የለውም።

"ጊዮርጊስ" ብዬ ብቻ ጻፍኩ። አንድ ገጽ ሙሉ ጊዮርጊሶች መጡ፤ ወልደ የተቆረጠባቸው፣ ገብረ የተቆረጠባቸው። ከመካከላቸው ሣህሊቱ አለች። የነርስ ረዳት፣ ባለ ሰርተፊኬት። የታደሰ። እስከ ጥር የሚያገለግል። ጥር ላይ የላክሁት ደርሶ፣ ተመዝግቦ፣ አሥር ወር ሙሉ እዚያው ተቀምጧል። ኃላፊው ያተመውን ያንን ገጽ እንደገና አነሳሁት። ከቀዩ ቃል ሥር ቀን አለ። የዛሬ ስድስት ዓመት የነበረ ቀን ነው፤ የጀማሪነት ምዝገባዋ ያበቃበት ቀን። ከጎኑም "ተመዝጋቢ" ይላል እንጂ ባለ ሰርተፊኬት አይልም። ያን የመጀመሪያውን ማክሰኞ እነዚህን ሁለት መስመሮች አላነበብኳቸውም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተማሪ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ሲመልስ በአርጩሜ ያስፈራራሁ ሰውዬ፣ ሁለት መስመር አላነበብኩም። የዘገየውን ማመልከቻ ደግሞ የላክሁት ለሞተው ቁጥር ነው።

አትሜ ለኃላፊው ላክሁና ደወልኩ። "ኦ፣ ኦኬ" አለ። "የከሰዓቱ ሺፍት ላይ መግባት ትችላለች።" ነገሩ ሁሉ አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

በመኪናዬ ወሰድኳት። መንገድ ላይ ፀጉሯን በመስታወቱ እያየች ሰበሰበች። ስምንት ቀን ያላየሁትን ጥርሷን አየሁ። "ዛሬ ይጣሉኛል" አለች። "የት ነበርሽ ይሉኛል። ደግሞ ወዲያው ይረሱታል። ሾርባውን በደንብ አሙቄ ነው የምሰጣቸው።" እኔ መሪውን ይዤ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ጥፋቴን ማታ ላይ እነግራታለሁ ብዬ አስቤያለሁ፤ መጀመሪያ ታብላቸው።

መኪናውን ፓርክ አድርጌ ጠበቅኳት። ቦርሳዋን መኪና ውስጥ ረስታ ስለነበር ትመለሳለች ብዬ አልሄድኩም። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ ወጣች። እየሮጠች አልነበረም። በሩን ከፍታ ገብታ ተቀመጠች፤ ቀበቶዋን አሰረች፣ የምንሄድበት ቦታ ያለ ይመስል።

"ጠዋት በቁርስ ሰዓት" አለች። "አልጋው ተነጥፏል።"

በእጇ አንዲት ናፕኪን ይዛለች። የሰጠቻት ፊሊፒናዊቷ ናት። ሽማግሌው በእነዚያ ቀኖች ሁሉ፣ ማንኪያ ባቀረበችላቸው ቁጥር አንድ ነገር ይሏት ነበር። የሚፈልጉት ነገር መስሏት፣ ሣህሊቱ ስትመጣ ትተረጉምልኛለች ብላ በሰማችው ድምፅ በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋው ነበር። ሣህሊቱ ደረት ላይ ተደፍታ እያለቀሰች፣ "ምን ነበር የሚፈልጉት? ባውቀው ኖሮ አመጣላቸው ነበር" አለቻት። ናፕኪኗን ወሰድኩና አነበብኩ። ክፍተት የለውም፤ አንድ ላይ ገጥማ ነው የጻፈችው።

የማንልጅነሽ።

እኔ አለቀስኩ። ሽማግሌ ሰው መሪ ላይ ተደፍቶ ሲያለቅስ ደስ አይልም፤ ቢሆንም አለቀስኩ። ሐኪሙ ልባቸው ነው፣ ዕድሜም ነው ብሏል። ከሐኪም ጋር አልከራከርም። ምናልባት ሣህሊቱ ብትኖርም ጊዜያቸው ያው ረቡዕ ነበር ይሆናል። ግን በልተው ይሞቱ ነበር። ጠይቀው ሳይመለስላቸው አይሞቱም ነበር። ይህን ሁሉ፣ የክፍተቱን፣ ያላነበብኩትን ቀን፣ ለሞተው ቁጥር የላክሁትን፣ እዚያው መኪና ውስጥ ነገርኳት። በመስኮት ወደ ሣሩ በኩል እያየች ሰማችኝ። ስጨርስ "ቤቴ ያድርሱኝ፣ ጋሼ" አለች።

ሐሙስ ፈሪዳ ደረሰችና አባቷን ቀበረች። ሣህሊቱ ነጠላዋን ተከናንባ ከሴቶቹ ኋላ ቆማ ነበር አሉ። እኔ አልሄድኩም፤ በምን ዓይኔ?

ጥር ሲገባ ደብተሬ ላይ ስሟን አየሁ። ከልደቷ በፊት መታደስ አለበት። ሦስት ቀን ስልኩን ሳነሳና ሳስቀምጥ ሰነበትኩ፤ በአራተኛው ደወልኩ። መጣች። ጫማዋን ሁለት ጊዜ ጠረገች፤ ሥራ ላይ ነዎት ወይ ግን አላለችኝም። የእድሳቱን ገጽ ከፍቼ፣ በትክክለኛው ስም፣ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አረጋግጬ፣ ስክሪኑን ወደ እሷ አዙሬ ነበር የጠበቅኳት።

"ይተዉት፣ ጋሼ። አላድስም።"

"እንዴት? ስንት የለፋሽበት? ሦስት ጊዜ የተፈተንሽበት?"

"ኤርፖርት ገብቻለሁ። አውሮፕላን ውስጥ አጸዳለሁ። ሰዎቹ ከወረዱ በኋላ ነው የምንገባው፤ ማንም የለበትም።" ቦርሳዋን ከፈተች። "ማንም የማን ልጅ ነሽ ብሎ አይጠይቀኝም።"

ልመልስላት ነበር፤ ተውኩት። ስልኳን አውጥታ ወደ እኔ ዘረጋችው። ፈሪዳ የላከችላት ፎቶ ነው፤ በአባቷ መቃብር ላይ የሚደረገው ትንሽ ድንጋይ ከመቀረጹ በፊት ያለው ንድፍ። ድንጋይ ቀራጩ ጠይቋል፤ ስማቸው አንድ ላይ ነው ወይስ ተነጣጥሎ? ፈሪዳ እዚህ ስላደገች ተጠራጥራ ለሣህሊቱ ላከችላት፤ ሣህሊቱም ወደ እኔ አመጣችው። ከዚያ ሁሉ በኋላ ወደ እኔ አመጣችው።

ምላሴ ላይ ሁሉም ተዘጋጅቶ ነበር። ዓብድ ማለት አገልጋይ፣ ጀሊል የአላህ ስም፤ የኃያሉ አገልጋይ፤ እንደ ሀብተ ጊዮርጊስ ያለ የዘርፍና የባለቤት ስም። ሁለት ቃል ነው። ዋጥኩት።

"ልጃቸው ስማቸውን እስከ ዛሬ እንዴት ነበር የምትጽፈው?" አልኳት።

"አንድ ላይ።"

"እሳቸውስ?"

"አልጋቸው ላይ የተለጠፈውን በገዛ እጃቸው ነበር የጻፉት። አንድ ላይ።"

"እንግዲያው አንድ ላይ ይሁን።"

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ሞልቷል፤ ቁጣ የለበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

"ያን ጊዜም እንዲህ ብለው ቢጠይቁኝ ኖሮ" አለች።

ከዚያ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በአንዲት ጣቷ ስማቸውን ፊደል በፊደል ጻፈች፤ ዓብዱልጀሊል። መሀሉ ላይ ክፍተት አለመኖሩን አየችና ለፈሪዳ ላከችው።